ዙሪያውን የሄደ ሽቦ

«ፀሐይ ገዝተህ ጨረቃ አመጣህልን» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ማኔአባ በሚሉት የመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሮቲያ አልሳቀችም። የተሳቀባቸው አያቷ ባታራ ናቸው። ለመንደሩ መሰብሰቢያ መብራት አስገባለሁ ብለው ቃል ገብተው፣ የፀሐይ ሰሌዳውን ጣሪያ ላይ ሰቅለው፣ ይኸው ዛሬ ሲሞከር ባትሪው አጠገብ ያለው አምፖል ቦግ አለ፤ የመጨረሻው ግን እንቅልፍ እንደተጫነው ዓይን ጭል ጭል ይላል።

አመሻሽ ነው። ባሕሩ ፀጥ ብሏል፤ በምሰሶዎቹ መካከል የገባው ብርሃን ሰሌኑ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሮቲያ ፈዝዛ ሽቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ቀጭን ነው፤ በመሃል መሄድ ሲችል ዙሪያውን ይዞራል። እንዴት አይዞር? እዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መቀመጫ አለው፤ ዓሣም ሆነ መብራት፣ የመጣ ነገር በሁሉም ፊት ማለፍ አለበት። አንዱን ቤተሰብ መዝለል ለአያቷ ነውር ነው።

ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ነገር የታያት መሰላት። ቮልቴጅ ይገፋል፣ ሬዚስታንስ ይይዛል፣ ብሏቸዋል ክፍል ውስጥ የፊዚክስ መምህሩ። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን የሚይዘው ይበዛል፤ ካረንቱ፣ ማለትም የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ያንሳል።

አያቷ ግን ባትሪው አቅም አንሶት ነው ብለው ሁለተኛ ባትሪ ሊቀጥሉበት ተነሱ። ሮቲያ ክው አለች። ግፊቱ እጥፍ ከሆነ ባትሪው አጠገብ ያሉት አምፖሎች አይችሉትም፤ ይቃጠላሉ፣ ያውም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። አያቷን ታውቃቸዋለች፤ ከዚያ ወዲያ እዚህ ደግመው አይገቡም።

ልጅ ማኔአባ ውስጥ አይናገርም። ሐሳብ ካለው ከሽማግሌው ጀርባ ሆኖ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌው የራሱ አድርጎ ይናገረዋል። ተንፏቃ ተጠጋቻቸው።

«አባባ፣ ባትሪውን ተዉት። ችግሩ ሽቦው ነው። ጎን ለጎን ሌላ እንጨምርበት፤ መንገዱ ሲሰፋ በደንብ ያልፋል።»

«ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን። ማንንም አንዘልም።»

አያቷ የሽቦውን ዙር በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ባትሪውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «የልጅ ልጄ ታውቀዋለች። እሷው ትንገራችሁ።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሮቲያ ሮጣ ባሕሩ ውስጥ ብትገባ ደስታዋ ነበር። ደግማ ሹክ ብትላቸው እሳቸው ይጨርሱላት ነበር። ግን አያቷን «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ቃል ማውጣት ምን ያህል እንደከበዳቸው ገባት፣ አንጀቷንም በላት።

ከጀርባቸው ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጥፋት አይደለም» ብላ ጀመረች። «ሽቦው የረዘመው አባባ መብራቱ ሁላችሁም ጋ እንዲደርስ ስለፈለጉ ነው።»