አርባ አንድ ስም፣ አንድ ስልክ

ኢፍቱ የስልክ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለጋትም። የመጀመሪያዎቹን አሃዞች እንዳየች እጇ ከኪቦርዱ ላይ ተነሣ።

ፕሮግራሙ የራሷ ሥራ ነው። ገበሬ ለምርጥ ዘር ሲመዘገብ፣ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ላይ ላለ የመልእክት አገልግሎት ጥያቄ ይልካል፤ አገልግሎቱ ደግሞ ባለ ስድስት አሃዝ ማረጋገጫ ኮድ ወደ ገበሬው ስልክ ይልካል። ኮዱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልገባ ይሞታል። በአንድ ቁጥር ከአምስት ሰው በላይ ሊመዘገብ ከሞከረም ቁጥሩ ይታገዳል። አምስቱም ለቤተሰብ ተብሎ ነው እንጂ ደንቡ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ነው፤ ሃንጋሪ ስድስት ዓመት የተማረችው እንዲህ ነበር።

አሁን አሰላ ቢሮዋ ውስጥ የአርባ አንድ ገበሬ ስም ፊቷ ተደርድሯል። ሁሉም የጢቾ አካባቢ ሰዎች ናቸው። አምስቱ አልፈዋል፤ ሠላሳ ስድስቱ ታግደዋል። የሁሉም ስልክ የኤቢሳ ነው።

ኤቢሳ እዚያ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። ከአራት ወር በፊት እሷ በሰጠችው ሥልጠና ላይ ከኋላ ተነሥቶ፣ «እኛ ጋ ኔትወርክ የለም፤ ኮዱ በምን ይደርሳል?» አላት። «ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል» ብላ አለፈችው። በሻይ ሰዓት አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«መልስሽ አላጠገበኝም። ሻያችሁ ግን ጥሩ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይውላሉ። ለቤተሰቧ ግን ስሙን አንሥታ አታውቅም። ከሃንጋሪ ከተመለሰች ጀምሮ የቆመችበት መሬት የሷ መሆኑን እንኳ ትጠራጠራለች፤ እንኳን ሰው።

ደወለችለት። አይሠራም። ደግማ ደወለች። በማያውቁ ሰዎች ስም ዘር የሚሰበስብ ሌባ ቢሆንስ? ዝርዝሩን ልታጠፋው ትችላለች፤ ማንም አያውቅም።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አለቃዋ አቶ ደመቀ ከኋላዋ።

ነገረቻቸው።

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

«ሥልጠና ላይ… አይቼዋለሁ።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን። ዘሩ የት እንደገባ ካላሳየን ከፖሊስ ጋር ነው የምንመለሰው።»

በማግስቱ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ኢፍቱ መኪናው ውስጥ ኤቢሳ ሌባ ሆኖ መገኘቱንም፣ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱንም እኩል ፈራች።

ከመንደሩ በላይ ኮረብታው አናት ላይ አገኙት። ገበሬዎች ከብበውት ተቀምጠዋል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ያ ነው የጎዳት።

«ኢፍቱ! ምን እግር ጣለሽ?»

አቶ ደመቀ ቀደሙ። «አርባ አንድ ሰው በአንተ ስልክ መዝግበሃል?»

«ኤዬ፣ መዝግቤያለሁ። ግማሾቹ ስልክ የላቸውም። ያላቸውም ቤታቸው ገደል ሥር ነው፤ ኮዱ ሲደርሳቸው ሞቶ ነው። ኔትወርክ ያለው እዚህ ብቻ ስለሆነ እየወጣሁ ተቀበልኩላቸው። ምዝገባው ዛሬ ያልቃል፣ ቁጥሬን ግን አንድ ሰው ዘጋው።»

«የዘጋው ፕሮግራሜ ነው። ለአቶ ደመቀ የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ» አለች ኢፍቱ።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሳትጠይቂኝ?»

«ደወልኩ። አይሠራም።»

«ታች ነበርኩ። ኔትወርክ የለም ብዬሽ ነበር።» ዓይኗን ፈለገ። «ሌባ መሰልኩሽ?»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

አቶ ደመቀ ያለፉትን አምስት ገበሬዎች አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም ዘራቸውን በእጃቸው ተረክበዋል። አለቃው ግን አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የቀሩት ነገ አልወሰድንም ቢሉስ? እገዳው የሚነሣው ዋስ ከፈረመ ብቻ ነው።»

«እኔ አለሁ!» አሉ ከተቀመጡት ገበሬዎች አንዱ ኦቦ ከዲሮ፣ ምርኩዛቸውን አንሥተው።

«ተመዝጋቢ ለመዝጋቢው ዋስ አይሆንም፣ አባቴ።»

«እኔ እፈርማለሁ» አለች ኢፍቱ።

«ልጄ፣ አንድ ኩንታል ቢጎድል አብረሽው ትከሰሻለሽ።»

«ገብቶኛል።»

አቶ ደመቀ ወረቀት አወጡ። ስሟን፣ ቀበሌዋን ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸው ቆመ። «ዋስ ከምትሆኚለት ሰው ጋር ያለሽ ግንኙነት ይላል። ምኑ ነሽ ልበል?»

የእናቷ ፊት፣ የአባቷ ቁጣ፣ ከምሳ በፊት አሰላ የሚደርሰው ወሬ በአንዴ መጣባት።

«እጮኛው» አለች።

እማማ ዋጋዬ የሚባሉ አሮጊት እጃቸውን አጨበጨቡ። «አሁንስ ጉድ ነው! ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ አልነበረም እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። ኤቢሳ ብቻ አልሳቀም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ስለበደልሽኝ ነው ወይስ ስለወደድሽኝ?»

«ሁለቱም ነው። መዋሸት አልፈልግም።»

ዞሮ ገበሬዎቹን አያቸው። ኢፍቱ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«በይ ቁጥሬን ክፈቺልኝ» አለ በመጨረሻ። «ሰዎቹ ብርድ ላይ ናቸው።»

ወረቀቱን ፈርማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፗን ከፍታ እገዳውን አነሣች። አጠገቧ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ፤ የኦቦ ከዲሮን ኮድ አንድ በአንድ አነበበላት። ቁጣው ከድምፁ ገና አልወጣም። ትከሻውን ግን ከትከሻዋ አላራቀም፤ ሠላሳ ስድስተኛው ስም እስኪገባ ድረስ።