የሚራመደው ጉድጓድ

ከሚሌ ወደ ገላፊ የሚወስደው ተራራ ዛሬ ጠዋት ጫፉ የወይንሸትን አገጭ ነክቷል። እሷም እንደ ሁልጊዜው ጠርዙን በጣቷ እየዳበሰች ጠረጴዛውን ትዞራለች። ተራራው የብርሃን ነው። በበረሃው መንገድ የሚያልፍ እያንዳንዱ ራስ-ነጅ፣ ማለትም ያለ ሹፌር የሚሄድ የጭነት መኪና፣ ያለበትን ቦታና ፍጥነቱን በሳተላይት ወደ ሰመራ፣ ወደ ፍጥነት ካርታ ክፍል ይልካል። ጠረጴዛው መንገዱን እንደ ክር ይዘረጋና ፍጥነቱን ወደ ላይ ያቆመዋል። መኪናው ሲፈጥን ተራራው ይረዝማል፣ ሲያዘግም ይጎደጉዳል። ሌላ ምስል የለም።

ወይንሸት ይህን መዳበስ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጉድጓዶቹንም አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። በሰርዶ ሜዳ ላይ፣ ዳገትም ኩርባም በሌለበት፣ መኪኖቹ ድንገት ወደ ሰው እርምጃ ዝቅ የሚሉባቸው ቦታዎች አሉ። አርባ ሰከንድ ያዘግሙና መልሰው ይከንፋሉ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ልሳኑ ይህን "በሽታ" ይሉታል። መድኃኒቱም ተገኝቷል፤ ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት ካርታው በሙሉ ይደለደላል፣ ከዚያ ወዲያ መኪኖቹ በሜዳው ላይ ያለ ምክንያት ፍሬን አይነኩም።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የወይንሸት ጣት ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

"አቶ ልሳኑ፣ ይሄ አዲስ ነው።"

"ተዪው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። አብሮ ይደለደላል።"

አልተወችውም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የመጣው መኪና ጉድጓዱን ትንሽ ወደ ገላፊ ፈቀቅ አድርጎ ቆፈረው። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ፈቀቅ አድርጎ። አራተኛው ሲያልፍ ለካችው፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍጥነት ጋር የኖረች ሴት ይህን ቁጥር አትስተውም።

"ሰው ነው" አለች። "በእግሩ የሚሄድ ሰው።"

"ሴንሰሩ ነው የተበላሸው። መኪናው መንገዱ ላይ ካልቆሙበት በስተቀር ሰው መኖሩን አያስታውቅም።"

"ታዲያ ለምን ያዘግማል?"

አቶ ልሳኑ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። አምስተኛው መኪና መጣ። ጉድጓዱ በዚህኛው አምስት ደቂቃ የተጓዘው መቶ ሜትር ብቻ ነበር። ውጭ ሙቀቱ አርባ ስድስት ዲግሪ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ እየደከመ ነው።

የመኪኖቹን የትምህርት መዝገብ ከፈተች። ራስ-ነጆቹ መንዳት የተማሩት ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ከሰው ሹፌሮች ጉዞ ነበር። መሐንዲሶቹ ችኩሎች ስለነበሩ ሹፌሮቹ ያዩትንና የነዱበትን ፍጥነት እንዳለ ገለበጡት እንጂ "እዚህ ጋ ፍሬን ለምን ያዝክ?" ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሰርዶ ሜዳ ትይዩ የአስተማሪው ስም ተጽፏል፦ ደርቤ ወልደሰንበት፣ ኮምቦልቻ። ደወለች።

"ጋሽ ደርቤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰርዶ ሜዳ ላይ ለምን ነበር የሚያዘግሙት?"

ሽማግሌው ሳቁ። "አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? ውሃ ለመስጠት ነዋ! በዚያ በረሃ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሌላ ምን ፈልጎ ነው? ሃይላንዱን ሞልተን እንይዛለን፣ ቀስ እንላለን፣ በመስኮት እናቀብላለን። ሳይሰጥ ያለፈ ሹፌር ዲቾቶ ሲደርስ ምሳ አብሮት የሚበላ አያገኝም ነበር።"

መኪኖቹ ቀስ ማለቱን ተምረዋል፤ መስጠቱን ግን ያስተማራቸው የለም። ስድስተኛው አለፈ፣ ሰባተኛውም አለፈ። ሰባት ጊዜ ከዚያ ሰው አጠገብ እያዘገሙ አጓጉተውት፣ ሰባት ጊዜ ጥለውት ሄደዋል። ንዴትም ኀፍረትም አንድ ላይ መጣባት።

"አቶ ልሳኑ፣ ስምንተኛውን ያቁሙልኝ። ካለ እርስዎ የአውራ ጣት አሻራ አይቆምም።"

"እሱ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል! ወደብ ላይ መርከብ እየጠበቀ ነው!"

"ማነው እሱ?" አሉ ጋሽ ደርቤ ገና ባልተዘጋው ስልክ። "ስማ ልጄ፣ መርከቡ ያለው ውሃ ላይ ነው። አይጠማውም።"

አቶ ልሳኑ ላባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

ስምንተኛው መኪና ቆመ። ከኋላው ያለው ፍሬን ያዘ፣ ከዚያም የሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም፤ ያ ሁሉ ተራራ ከሰርዶ እስከ ሚሌ እየተናደ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሠራተኞቹ ከየወንበራቸው ተነሡ። እያንዳንዱ መኪና የሴንሰር ዓይኖቹ የሚታጠቡበት ስልሳ ሊትር ንጹህ ውሃ ይይዛል። ወይንሸት የበሩንና የውሃውን ቧንቧ መቆለፊያ ከዚሁ ሆና ከፈተች። ጋሽ ደርቤ በመኪናው ድምፅ ማጉያ፣ በመንገድ ላይ በለመዱት አፋርኛ "ነይ፣ ና፣ ማንም ብትሆን ጠጣ!" እያሉ ተጣሩ።

የውሃው ቁጥር ስልሳ ላይ ቆሟል። ደቂቃ አለፈ። ስልሳ። ሌላ ደቂቃ። ወይንሸት ጥርሷን ነክሳ ታያለች።

ሃምሳ ዘጠኝ።

ሃምሳ ስምንት።

"እየጠጣ ነው!" ብላ ጮኸች፤ ክፍሉም በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ልሳኑ አጠገባቸው ያገኙትን ሠራተኛ አቀፉ። ሰዓቱ ስድስት ሲል የመደልደያውን ትእዛዝ ሰረዙና ሌላ ጻፉ፤ በየጉድጓዱ መኪናው ይቁም፣ ቧንቧውም ይከፈት።

ብዙም ሳይቆይ ለመካኒክ በተበጀው የመኪናው ስልክ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሴት ድምፅ። ጋሽ ደርቤ ተረጎሙ።

"ሐሊማ ያዮ እባላለሁ ትላለች። ልጇን አዝላ ነው። ጥላ ፍለጋ ከመንገዱ ልትርቅ ነበር። ግን መኪኖቹ አጠገቧ ሲደርሱ ቀስ ሲሉ፣ ቀስ የሚል ነገር ውስጥ ሰው አይጠፋም፣ አንዱ ያየኛል ብላ መንገዱን ይዛ ቀረች።" ትንሽ አዳመጡ። "አሁን ደግሞ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ያቆመው ማነው ትላለች። ምን ልበላት?"

ወይንሸት ጠረጴዛውን አየች። ከሰርዶ እስከ ሚሌ ተራራ የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ሁሉም ቆሟል። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያማረ ካርታ አይታ አታውቅም።

"እኛ ነን በሏት" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ዘግይተን ነው እንጂ፣ እኛ ነን።"