በአራተኛው መግቢያ የገባችው ፀሐይ

ቱቫ በምድር ቤቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ አንሶላ እያጠፈች ነበር። በሩ ሲከፈት ዞር አላለችም።

«ተራው የኔ ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት።»

በዬቭሌ ከተማ ዳር ባለው የማዘጋጃ ቤት ሰፈር በሰው ተራ መግባት የሰው እጮኛ ከመንጠቅ አይተናነስም።

«ለማጠብ አይደለም፣ ለመለካት ነው» አለ ቀይ ጢም ያለው ወጣት። ሰፈሩን እንደ አዲስ የሚነድፈው ዮዋር ነበር።

«በሰው ተራ?»

«ጥፋቴ ነው። ልካስ?»

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘ። እያጠፉ ተጠጋጉ፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኘ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለካው ነገር አላለቀበትም።

በረዶው ሲቀልጥ ግን አንድ ቀን ንድፉን ዘረጋና ቀና ብሎ ሊያያት አቃተው። ግቢውን ከደቡብ ዘግቶ የክረምት ፀሐይ የሚከለክለው ረጅም ሕንፃ መሐሉ ይፈርሳል። የሚፈርሰው አራተኛው መግቢያ ከነቤቶቹ ነው፤ እሷ ያደገችበትና አሁንም የምትኖርበት።

«መቼ ነው የሳልከው?»

«ሳላውቅሽ። ካወቅኩሽ በኋላ ሦስት ጊዜ ላዞረው ሞከርኩ። ፀሐይዋ ግን በሌላ በኩል እሺ አትልም።»

«ሁለት ወር አንሶላዬን ስታጥፍ ይህን ይዘህ ነው?»

ትታው ወጣች።

ውሳኔው የነዋሪው ነበር። ቤቱ የሚፈርስበት ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ በድሮው ኪራይ ሌላ ቤት ያገኛል። ቢሆንም በስብሰባው ከአራተኛው መግቢያ ሰዎች በፊት ለንድፉ እጁን ሊያወጣ የደፈረ አልነበረም። ቱቫ ሟች እናቷን አሰበች፤ ክረምቱን ሙሉ ካፖርት ደርባ የሕንፃው ጥላ ውስጥ ፀሐይን እየጠበቀች ተቀምጣ «ዛሬ ትመጣ ይሆናል» የምትለዋን።

እጇን አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ የራስሽን ቤት እኮ ነው!» አሉ ሽማግሌው ጎረቤቷ።

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ቢርየር። እርስዎስ፣ እጅዎ ከብዶዎት ነው?»

ሳቅ ፈነዳ፤ እጆች ተነሡ።

በተከታዩ ጥር፣ የሕንፃው መሐል ከፈረሰ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃን በክፍተቱ ገባ። በረዶውን እያበራ ቀስ ብሎ ግቢውን አቋረጠ። ሰው ሁሉ በቤት ጫማው ወጣ። ጋሽ ቢርየር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቱቫ ቀና አለች፤ መኝታ ቤቷ በነበረበት አየር ላይ ፀሐይ ቆማለች።

ዮዋር ፀሐይዋን አላየም። የሚያየው የቱቫን ፊት ነበር።

«ልክ ነበርክ» አለችው።

«ልክ መሆኔን ጠልቼው ነው የከረምኩት።»

ግቢውን ተሻግራ ወደ አዲሱ በሯ ወሰደችው፤ ከኪሷም ካቻቢቴና የስም ሰሌዳ አወጣች። ሰሌዳው ላይ የእሷና የእሱ ስም ተቀርጿል። ደጋግሞ አነበበው።

«ሳትጠይቂኝ?»

«አንተ ቤቴን ስታፈርስ ጠይቀኸኝ ነበር?»

እሱ ሰሌዳውን ደግፎ ያዘ፤ እሷ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ቀጥ ማለቱን አየችና ካቻቢቴውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው።