ስድስት ግራኝ ወታደሮች

የእርሻው ሠራተኛ ባልታሳር ፎቶውን ለሀሲንታ ያቀበላት የሄል ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከኬሻ ስር መዘዘና ፊቷን ሳያይ እጇ ላይ ጣለው።

«ከጌታው ካዝና ነው። ዛሬውኑ መልሺልኝ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

ቶሎ መለሰ። ሀሲንታ ቶሎ የሚመልስ ሰው አትወድም።

እርሻው ላይ የምትታወቀው በወሰን ቀያሽነት ነው። የምስጢር ስሟ «ሸንበቆ» ሲሆን የምትሠራው ለዐቃቤ ሕግ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የእርሻው ጌታ የዶን አውሬልዮ አባት ያዘዘው ጦር ከዚህ መንደር አሥራ አንድ ገበሬ አስሮ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም፤ የተቀበሩት ፎቶው በተነሳበት ቦታ ነው ይባላል። አሁን ፍርድ ቤቱ የፈቀደው አንድ የቁፋሮ ቀን ብቻ ነው፤ ሰኞ። እስከዚያ ቦታው ካልታወቀ መዝገቡ ይዘጋል።

ቤት ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ የተራራ ጫፍ ግን የትም አይሄድም። ሀሲንታ ከታሳሪዎቹ ጀርባ ተራራ የሚታይበትን ያንን ፎቶ ፊት ለፊቷ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ወደፊትም ወደኋላም እያለች ተጓዘች። የእማማ ፔትሮና በቆሎ ማሳ ውስጥ ስትደርስ የፎቶው ተራራ የሰማዩ ተራራ ላይ ልክክ አለ።

ያኔ ወታደሮቹን አየቻቸው። ጠመንጃ የያዙት ስድስት ናቸው። ምላጩ ላይ ያለው ጣት የግራ ነው።

የስድስቱም።

ስድስት ግራኝ በአንድ ሰልፍ አይገኝም። ፎቶውን ያኔ ያተመው ሰው ፊልሙን ገልብጦታል፤ ቀኙ ግራ ሆኗል። ተራራ ደግሞ ከጀርባው ሲያዩት ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ሰዎቹ የቆሙት እዚህ ሳይሆን ከተራራው ማዶ ነው።

የሞተር ድምፅ ሰማች።

ዶዘር ነበር። ከፊቱ ዶን አውሬልዮ፣ ከኋላው አንገቱን የደፋው ባልታሳር። ሸጧታል። አባትየው ምስጢሩን ይዞ ስለሞተ ልጁም ቦታውን አያውቅም፤ ፎቶው የተሰጣት አግኝታ እንድትመራውና አጥንቱን ከሰኞ በፊት ጠርጎ እንዲያጠፋ ነው።

«ቀያሿ፣ ማን እንደላከሽ ግድ የለኝም» አለ ሽጉጡን እንደ ዣንጥላ አንጠልጥሎ። «ቦታውን አሳዪኝ።»

ለመነችው፤ አለቀሰች። በቀላሉ የሚወጣ ውሸት እንደማይታመን ታውቃለች። ከዚያ ጣቷን ወደ በቆሎው ቀሰረች።

«እዚህ።»

ፎቶውን ነጥቆ ራሱ ከተራራው ጋር አስተያየ። ሳቀ።

ዶዘሩ ማሳውን መግፋት ጀመረ። በቆሎው ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እማማ ፔትሮና ከጎጆዋ ወጣች። ባሏ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ያየችው ዶዘሩን ሳይሆን የሀሲንታን ጣት ነው።

«ልጄ፣ ትናንት እኮ ቤቴ በልተሻል» አለች።

ሀሲንታ «ባልሽ እዚህ የለም» ብትላት በቂ ነበር። ግን ያንን ካለች ዶዘሩ ተራራውን ይሻገራል። ዋጠችው።

«ሰኞ ፍርድ ቤት እያለብኝ አዲስ ሬሳ አልፈልግም» አለ ዶን አውሬልዮ ስልኳን እየቀማ። «ጥፊ ከዚህ!»

ከተማ እስክትደርስ በእግሯ ሄደች። ከአንድ ሱቅ ስልክ ለምና ደወለች።

«ሸንበቆ ነኝ። ከተራራው ጀርባ ቆፍሩ።»

ሰኞ አሥራ አንዱም ተገኙ። ሀሲንታ ያየችው ሩቅ ወደብ ላይ፣ በሌላ ስም፣ አንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው። እማማ ፔትሮና የባሏን ቀበቶ በሁለት እጇ ይዛለች። ጋዜጠኛው ቦታውን ማን እንደጠቆመ ጠየቃት።

«አላውቀውም፤ እጁ ይባረክ» አለች። «ያቺን ቀያሽ ግን በሰማይ ቤትም ይቅር አልላትም።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳህን እያነሳ ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው አለ።

«ክፉ» አለች ሀሲንታ። ሾርባዋን ጨርሳ ወጣች።