ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ሥራ አስኪያጅ

የሎሚ ሽታ ያለው ሳሙና እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ከሮቤራ ጋር ያገናኘኝ ግን እሱ ነው።

አምቦ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሮቤራ ከእኛ እስከ ባኮ እየዞረ «ጀርም ገዳይ» ሳሙና የሚያከፋፍል ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን መዳፉ ተላልጦ መጣ።

«ምን ነካው?» አልኩት።

«የባኮ ሙቀት!» ብሎ ሳቀ።

ቅባት ስቀባው ዓይን ዓይኔን ያያል። እጁን ለመልቀቅ ዘገየሁ፤ እሱም ለመውሰድ አልቸኮለም። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

ከዚያ እጃቸው የተላጠ እናቶችና ሕፃናት ይጎርፉ ጀመር። ሁሉም የሚታጠቡት በዚያው ሳሙና ነው።

«እኔም በሱ ነው የምታጠበው፤ እጄን እዪው፣ ድኖ የለ?» አለኝ ሮቤራ። አመንኩት።

በኋላ በእንዲህ ዓይነት ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ኬሚካል የሚገድብ ረቂቅ መመሪያ መጣ። ሰኞ በሚደረገው ምክክር ላይ ያየሁትን እንድናገር ተጠራሁ። ሮቤራ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ላከ። በደስታ ላብድ ነበር!

ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ቆሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አያለሁ። መሃላቸው ባለ ሱፍ ሰውዬ አለ፤ የሮቤራ ሥራ አስኪያጅ፣ ደግፌ።

አባቴ ገና «ተቀመጡ» ሳይሉ ደግፌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦቦ ተሬፋ፣ እንግዲህ ቤተሰብ ልንሆን ነው። የነገዎቹን ተሰብሳቢዎች አነጋግረናል፤ ምሳውም አበሉም በእኛ ነው። የቀረችን ልጅዎ ሃዋኒ ናት። ዝም ካለችልን ሰርጉንም እኛ እንደግሳለን።»

ኧረ ምን ጉድ ነው! ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ለሳሙና ይለምናል?

«የመጣችሁት ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይስ ዝምታዋን?» አሉ አባቴ። ማንንም አላስቀመጡም።

ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሮቤራ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር። «አላውቅም ነበር» እንዲለኝ በልቤ እየለመንኩ በሩን ከፈትኩ።

«ደግፌ የሚለውን ታውቅ ነበር?»

«አንድ ቀን ብቻ ዝም በዪ፣ ሃዋኒዬ» አለ። «ለእኛ ስትዪ።»

እንባዬን ሊጠርግልኝ እጁን ፊቴ ላይ አሳረፈ። ለስላሳ ነው። የሸተተኝ ግን ሎሚ አልነበረም፤ ተራ የልብስ ሳሙና ነው።

«በምንድን ነው የምትታጠበው?»

አንገቱን ደፋ።

«ሮቤራ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ከቀባሽኝ ቀን ጀምሮ።»

እጁን ከፊቴ ላይ አነሳሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ለእናቶቹ እየሸጠ፣ ለእኔ እየማለ! እሱ ራሱ አቅለሸለሸኝ።

ሰኞ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ሮቤራ ከኋላ ቆሞ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

መመሪያው ዛሬም ረቂቅ ነው። ሳሙናው ዛሬም ሱቁን ሞልቶታል። እኔም የተላጠ እጅ እቀባለሁ፤ በቀባሁ ቁጥር ያ የመጀመሪያው እጅ ትዝ ይለኛል።

አሁንም እወደዋለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስጠላኝ ይኼ ነው።