ሬሕማ ያሳደገችልኝ ጥፍር

መጀመሪያ ከእናንተ ጋር ልጣላ።

«ፈጠራ ነው» ብላችሁ ከሥር ለመጻፍ የተዘጋጃችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ እኔም እንደናንተ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ በትምህርት ቤት ክርክር ተሸንፌ አላውቅም። ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ማስረጃህን አምጣ» እያልኩ አፋጥጥ ነበር። ስለዚህ አትምከሩኝ። ይህ ነገር በእኔ በሙሚና ላይ ደርሷል። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር፣ በፈረንጆቹ 2003 ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ካርቱም የኖረ ሰው ዘጠኝ ሰዓትን ያውቀዋል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ሰው ምሳውን በልቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እስከ ዐስር ሰላት ይተኛል። እኛ የቤት ሠራተኞችም የምናርፈው ያኔ ነው።

እኔና ሬሕማ ከግቢው ጀርባ አንድ ክፍል ነበረችን። የእሷ አልጋ በበሩ በኩል ነው። የእኔ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ።

ሬሕማ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ የአገሬ ልጅ። በዚያ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና አራት ዓመት ቆይታለች። «ነይ፣ ሥራ አለ፣ ወረቀትም ያወጡልሻል» ብላ የጠራችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሸኘኝ «ከእንግዲህ እናትሽ ሬሕማ ናት» አለችኝ።

የደረስኩ ቀን ሁለቱን እጆቼን ይዛ አገላብጣ አየቻቸው።

አየችና... አለቀሰች።

ጥፍሬን እበላ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እስኪደማ ድረስ። የተረፈውም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር፤ ብርድ ልብስ ሲነካው ይሰነጠቃል።

አዝናልኝ ያለቀሰች መሰለኝ።

የቤቱ እመቤት ሲት ማናል ግን አላዘነችም። ሻይ ሳቀርብላት ጣቶቼን አየችና ብርጭቆውን ገፋችው።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው? አይጥ ነው የበላሽ?»

«አመል ነው፣ ሲት ማናል።»

«የልጄ የነሕላ ሰርግ ሁለት ወር ቀርቶታል። በዚህ እጅ እንግዳዬ ፊት አትቆሚም። እስከዚያ ካልዳነ ባሌ ኢቃማሽን አያሳድስም። ኻላስ!»

ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። ያለ እሱ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተለቅሞ ወደ መጣበት ይጫናል። አገር ቤት ደግሞ ስድስት ሰው የእኔን እጅ ያያል።

ሬሕማ «አብሽሪ ሙሚዬ» አለችኝ። «እኔ አድንሻለሁ።»

አዳነችኝም።

በእሬት ጀመረች፤ እናቶች ልጅ ጡት በሚያስጥሉበት። ጠዋት ጠዋት በየጣቴ ጫፍ ትቀባኛለች። ሳላስበው እጄ ወደ አፌ ሲሄድ ምሬቱ አንጀቴ ድረስ ይዘልቃል። እሷ ትስቅብኛለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ጠብተሽ አልጠገብሽም?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰሊጥ ዘይት ታሞቅና ጥፍሬን አንድ በአንድ ታሽልኛለች። ከዚያ ጣቶቼን በጨርቅ ትጠቀልላቸዋለች። ውሃ እንዳያለሰልሰው ብላ የእኔን ዕቃ ሁሉ የምታጥበው እሷ ሆነች።

በሦስተኛው ሳምንት ሂና ጨመረች።

«ጥፍር ያጠነክራል» አለች። እኔ ምን አውቄ? እኛ አገር ለዒድ ሕፃኑም አሮጊቷም እንሶስላ ይሞቃሉ። ጌጥ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሲት ማናል ቀይ ጥፍሬን አይታ ሳቀች።

«ዐሩስ ሆነሻል እንዴ? እኛ ዘንድ ሂና የሙሽራና የባለትዳር ነው። ለማን ዳሩሽ?»

ቀልዱን ለሬሕማ ነገርኳት።

ሬሕማ አልሳቀችም።

ጥፍሬ ግን አደገ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለል ላይ የወደቀ መርፌ በጥፍሬ አነሳሁ። ሬሕማን አቅፌ ሳምኳት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ጸጥታው ቀሰቀሰኝ።

የግራ እጄ ጨርቅ ተፈትቷል።

«እትዬ...» አልኩ በሹክሹክታ።

«እ?»

«ጨርቁን ፈታሽው?»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። እንደ ሁልጊዜው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ።

«በእንቅልፍሽ ፈተሽው ይሆናል። ተኚ።»

ጨርቁ ግን ትራሴ አጠገብ ነበር።

ታጥፎ። አራት ቦታ... በጥንቃቄ ታጥፎ።

በአራተኛው ቀን ደግሞ አንድ ነገር ጥፍሬን ሲጫን ነቃሁ።

ዓይኔን አልገለጥኩም። አውራ ጣቴን ጫን... ለቀቅ። ቀጥሎ ሌባ ጣቴን። ገበያ ላይ ሎሚ እንደሚመርጥ ሰው፣ ሳይቸኩል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቀዝቃዛ።

ሬሕማ ናት አልኩ በልቤ። ሌላ ማን ይሆናል?

የሚነካኝ ግን ከግድግዳው በኩል ነው።

በግድግዳውና በአልጋዬ መካከል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም።

ከቁርኣን አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ። መሐሉ ጠፋኝ። ከሕፃንነቴ የማውቀው ነገር... ጠፋኝ።

ያኔ የሬሕማን ድምፅ ሰማሁ። ከራሷ አልጋ፣ ከበሩ በኩል። በአማርኛ፣ ለስለስ አድርጋ...

«ትንሽ ታገስ። አውራ ጣቷ ገና ነው። ለሐሙስ ይደርሳል።»

ሐሙስ የሰርጉ ቀን ነበር።

አዛን ሲሰማ ሬሕማ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ተከትያት ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«ቀስ በይ... ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ከማን ጋር ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ትንሿን ጣቷን አሳየችኝ። አብሬያት ስኖር ያችን ጣት አጥፋ እንደምትይዛት ልብ ብዬ አላውቅም።

ጥፍር የለባትም። የተነቀለ አይደለም፤ ጠባሳ የለውም። ከመጀመሪያውም ጥፍር በቅሎበት የማያውቅ ይመስል ለስላሳ ቆዳ ነው።

«መጀመሪያ የፈለገው እኔን ነበር» አለች። «አንዷን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምላጭ እከረክማለሁ። አጭር ከሆነ፣ የተበላ ከሆነ፣ አይወስድም። ግን አይሄድም ሙሚዬ... ራስጌዬ ተቀምጦ ይጠብቃል። አራት ዓመት ሙሉ አልተኛሁም።»

«እና እኔን ጠራሽኝ።»

ዓይኗን ወደ ቢላዋው መለሰች።

«ከአገር ቤት፣ ከእናቴ ጉያ፣ ለእሱ ብለሽ ጠራሽኝ?»

«ጥፍርሽን እንደምትበዪ አላወቅኩም ነበር» አለች፣ እኔ ያታለልኳት ይመስል። «ስትመጪ እጅሽን አይቼ... ሞቴን ነው ያየሁት። አንቺ ግን ከመጣሽ ወዲህ ተኝቻለሁ፤ ወላሂ ተኝቻለሁ። አሥር አለሽ እኮ። አሥር ጥፍር ብዙ ነው።»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አስተያየት የምትጽፉት በእሱ ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የቱ ሼኽ ቢያነብበት እንደሚለቅ። እኔ በእሱ ተናድጄ አላውቅም። ተርቦ የሚጠብቅ ነገር ተርቦ ይጠብቃል፤ ሌላ ቃል አልገባልኝም። እሬቱን የቀባችኝ ግን ሰው ናት። ዘይቱን ያሞቀችልኝ፣ «አብሽሪ» ያለችኝ፣ ዕቃዬን ያጠበችልኝ ሰው። ያን ሁሉ ፍቅር ለእኔ ሳይሆን ለጥፍሬ ነው የሰጠችው። ክርክሬ ይኸው ነው። ጂንን ተዉት፣ ለዚህ መልስ ስጡኝ።

ለሲት ማናል ብናገር «አብዳለች» ብላ ታባርረኛለች። ጥፍሬን ባስቀምጠው ሐሙስ አለ። እንደ ሬሕማ ብከረክመው ራስጌዬ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ብበላው ወረቀቴ የለም።

ሐሙስ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥሩንም በላኋቸው። እሬቱ ሲያቅለሸልሸኝ እየተፋሁ፣ ደሜ ምራቄን ሲያቀላው እያየሁ። ጠንክረው ነበር። ሬሕማ ሥራዋን ታውቃለች፤ አውራ ጣቴ ለመሰበር ብዙ ታገለኝ።

ሲት ማናል ከእንግዶቹ መምጣት በፊት ልታየኝ ጠራችኝ። እጄን ስዘረጋ ደም ምንጣፉ ላይ ነጠበ።

«በልጄ ሰርግ ቀን!» ብላ ጮኸች። «ውጪልኝ! አሁኑኑ ውጪ!»

ከዚያ በኋላ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል የካርቱም ዳርቻ ሰፈር ያለ ወረቀት ስድስት ዓመት ኖርኩ። ከሻ መጣ ሲባል ከሪክሻ እየዘለልኩ፣ በሰው አጥር እየገባሁ። ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ። ጥፍሬን ዛሬም እበላለሁ። ልጆቼ ያፍሩብኛል፤ ይፈሩ።

ያን ቀን ግን ሻንጣዬን ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። ከኋላ ክፍላችን መስኮት ሬሕማ ጠራችኝ።

«ሙሚዬ...»

እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«አንዷን እንኳ... አንዷን ብቻ ብትተዪልኝ ምን ነበር?»

ዞር አልኩ።

የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ታለቅሳለች። ሁለቱም እጆቿ ብረቱ ላይ ናቸው። ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም።

ከኋላዋ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ ሌላ እጅ መጣ። ቀጭን ነው። ጥፍሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም።

በአንደኛው ጥፍር ጀርባ፣ ቆዳዋን እንዳይጭር እየተጠነቀቀ... እንባዋን ጠረገላት።