ዠ መጨረሻ ይታጠባል

«አጎቴ ነው የላከልኝ» አለች ስፒል። ሁለት እጇን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከታ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አንድ ዙር ዞረች። «ከውጭ።»

«ከምን ውጭ?» አለ ሬዲዮ። «ከበር ውጭ?»

ክፍሉ ሳቀ። ስፒልም አብራ ሳቀች። ስፒል ያሏት ቅጥነቷን አይተው ነው፤ ዛሬ ግን ወፍራሙ አረንጓዴ ጃኬት ሞላ አድርጓታል። ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣችው ዘንድሮ ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጠች «እኔ አይበርደኝም» ስትል ከርማለች።

አብራት የምትቀመጠው ካውያ ጃኬቱን ሳይሆን ዚፑን ነበር የምታየው። የዚፑ መያዣ ተሰብሮ በቦታው ትንሽ የቁልፍ ቀለበት ገብቷል። ቀለበቱን ያስገባው የካውያ ወንድም ነው። በጥርሱ ነክሶ ሲያጠብቀው እናታቸው «ፒንሳ ጠፍቶ ነው ጥርስህን የምትጨርሰው?» ብላ ተቆጥታው ነበር።

ካውያ ልቧ ድንግጥ እስኪል ጠበቀች። አላለም። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። የሆነ ነገር ሊሰማት የሚገባበትን ጊዜ ታውቃለች፣ ትጠብቃለች፣ የሚመጣ ግን የለም። የምክር አገልግሎት መምህሯ ጠርታ «ማልቀስ ይጠቅማል» ስትላት የቤት ሥራ እንደታዘዘ ተማሪ «እሺ» ብላ ወጥታለች። ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት ድሮ ነው፤ እናቷ ላውንደሪ ስላላት ዩኒፎርሟ ሁሌ ተተኩሶ ይመጣል። አሁን ፊቷም እንደ ዩኒፎርሟ ሆኗል፤ አንድ እጥፋት አይገኝበትም።

«እስቲ ብራንዱን እንየው» አለና ሬዲዮ ከኋላ መጥቶ ኮሌታውን ገለበጠው።

«ልቀቅ ባክህ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ዠ ይላል።» ኮሌታውን ለክፍሉ አሳየ። በብርቱካናማ ክር የተሰፋ አንድ ፊደል ነው፤ ጠመም ያለ፣ አንዱ እግሩ ተፈትቶ ክሩ የተንጠለጠለ። «አጎትሽ ያለበት አገር በኛ ፊደል ነው እንዴ የሚጽፉት?»

አሁን የሳቀው ሁሉም ነው፤ ስፒል ብቻ አልሳቀችም። ጆሮዋ ቀላ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንደዚሁ ነው የመጣልኝ» አለች።

ሬዲዮን ሬዲዮ ያሰኘው ወሬ ማሰራጨቱ ብቻ አይደለም፤ ያየውን አይረሳም። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ወደ ካውያ ዞረ። «አንቺ፣ የስፖርት ቱታሽ ላይ ይሄ ነገር የለም?»

ካውያ ሁሉንም ባንዴ አየችው። እውነቱን ብትናገር ስፒል ከዛሬ ጀምሮ የሟች ልብስ ለብሳ በሌለ አጎት የተኩራራች ልጅ ትሆናለች። ይሄ ደግሞ በሬዲዮ አፍ ከእረፍት በፊት በር ላይ ያለው ጥበቃ ጋ ይደርሳል። ዝም ብትልም ያው ነው።

«አለ» አለች። «እኛ ጋ የሚታጠብ ልብስ ሁሉ ፊደል ይሰፋበታል። እነ ስፒል ደንበኞቻችን ናቸው። የነሱ ዠ ነው።»

«ያንቺስ?»

«የኔም።»

«ያን ሁሉ ፊደል ጨርሳችሁ ነው አንዱን ለሁለት የምትሰጡት?»

«ምን ይደረግ» አለች ካውያ፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም ሳይል። «ሰዉ ቆሻሻ ነው።»

ክፍሉ ፈነዳ። ካውያ ስትቀልድ ከሰሙ ቆይተዋል፤ ሬዲዮ ራሱ ወንበር ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ስፒል ግን ወደ መቀመጫዋ መጥታ ቁጭ አለች። የነሱ ቤት ልብስ ላውንደሪ ገብቶ አያውቅም። እጇን ወደ ኮሌታዋ ልካ ፊደሉን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ካውያን ቀና ብላ አየቻት፤ ቶሎም ዓይኗን መለሰች።

*

ላውንደሪው አንድ ክፍል ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ሁለት ማሽኖች፣ በመጋረጃ የተከለለ መተኮሻ። ግድግዳው ላይ ረጅም ጣውላ አለ፤ በጣውላው ላይ ተራ በተራ ምስማሮች፣ ከየምስማሩ በላይ አንዳንድ ፊደል። የታጠበ ልብስ በየፊደሉ ሥር ይሰቀላል።

ፊደል የሚያድለው ወንድሟ ነበር። ለደንበኛ ቁጥር መስጠት አይወድም፤ «ሰው ቁጥር ሲሰጡት እስረኛ ይመስላል» ይላል። በስማቸው መጀመሪያ እንዳያደርገው ደግሞ የደንበኛው ግማሽ ስሙ በአንድ ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ እንደመሰለው ይሰጣል። ጡረታ የወጡት ዳኛ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ስለሚጠርጉ ቋ ናቸው። ፋርማሲስቷ «አልደረሰም? አሁንም አልደረሰም?» እያለች ስለምትጨቀጭቅ ጨ ናት። ቤት ውስጥ ሰው የሚጠራው በዚሁ ነው። «ቋ ሱሪያቸውን ሳይወስዱ ወር ሊሆናቸው ነው፣ ታመው ይሆን?» ትላለች እናቷ።

ለራሳቸው የቤት ልብስ ፊደል ሲመርጥ ወንድሟ ዠ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺን ማንም አይፈልጋትም። ሕፃናቱ ራሳቸው ፊደል ሲቆጥሩ ከዘ ወደ የ ይዘሏታል። እኛ እንውሰዳት።» የእናታቸው በነጭ ክር፣ የካውያ በሰማያዊ፣ የሱ በብርቱካናማ ሆነ። ጃኬቱ ላይ የሰፋችው ካውያ ናት፤ ያኔ መርፌ ገና መለማመዷ ነበር፤ ጠማማ የሆነውም ለዚያ ነው።

ዠ አንድ ሕግ አላት፤ መጨረሻ ትታጠባለች። የሚከፍል ሰው ይቀድማል። ወንድሟ በሞተር ሳይክል ዕቃ ለማድረስ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣ ዕለት ጃኬቱ ተራ እየጠበቀ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ጃኬት የሚገጭ መኪና አያቆምም። ይህን ካውያም ታውቃለች፣ እናቷም ታውቃለች፤ ስለዚህ ተነጋግረውበት አያውቁም።

ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ መጋረጃው ገባች። እናቷ የጨን ነጭ ጋውን እየተኮሰች ነው።

«የሱን ልብስ የት አደረግሽው?»

በእናቷ እጅ ያለው ካውያ መሄዱን አላቆመም። «ለምክር መምህራችሁ ሰጠኋት። ብርዱ ሳይጠና ለቸገረው ልጅ ይድረስ ብዬ። ለማን እንደምትሰጥ አልጠየቅኋትም።»

«ለኔ አልነገርሽኝም።»

«ብነግርሽ ምን ትይ ነበር?»

ካውያ አሰበች። «እሺ እል ነበር።»

«በቃ ያው ነው።» እናቷ ጋውኑን ገለበጠችው። «ልብስ የተሰፋው ለመለበስ ነው። ሰው ላይ አየሽው እንዴ?»

«ጃኬቱን። ፊደሉ አልተፈታም።»

«ሁሉንም ፈትቻለሁ።»

«የጃኬቱን አንድ እግር ብቻ ነው የፈታሽው።»

እንፋሎቱ ጋውኑ ላይ ፉ አለ። እናቷ እሱ እስኪበተን ጠበቀች። «ምላጩ ዶለዶመብኝ» አለች።

ካውያ ወደ ባንኮኒው ተመልሳ መሳቢያውን ሳበች። ምላጭ ሙሉ ፓኬት አለ። ዘጋችው።

*

ስፒል የመጣችው ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። በስስ ሹራቧ ናት፤ ጃኬቱን በፌስታል ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ማን ነው?» አለች እናቷ ከመጋረጃው ኋላ።

ካውያ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ሁልጊዜ የሚመለሰው ፊደል ነው።

«ዠ ናት» አለች።

ከመጋረጃው ኋላ የመተኮሻው ካውያ ድምፅ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

ስፒል ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «የወንድምሽ ነው አይደል?»

«ነው።»

«አላወቅሁም። ሙች ስልሽ አላወቅሁም። መምህሯ ከቁምሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለማንም አትናገሪ አለችኝ፣ እኔም አልናገርም አልኳት። ከዚያ አጎት የሚለው ነገር እንዲያው ከአፌ ወጣ።»

«ቆንጆ አጎት ነው።»

«ሙድ አትያዢብኝ። አጎት የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አጎት ቢኖርሽ ዚፑን ሳያሠራ አይልክልሽም።»

ስፒል ልትስቅ ብላ ተወችው። ጣቷን በፌስታሉ ማንገቻ ጠመጠመችው፣ ፈታችው። «ውሰጂው። ወይ ደግሞ …» ድምፅዋ አነሰ። «ወይ ደግሞ ፊደሉን ፍቺልኝና ልልበሰው። የመሰለሽን። ፊደል ከሌለው ማንም አያውቅም።»

ካውያ ጃኬቱን ከፌስታሉ አወጣችው። የሌላ ሰው ሳሙና ይሸታል። ኮሌታውን ገልብጣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው፣ ከመሳቢያው አዲስ ምላጭ አወጣች። ሥራው ቀላል ነው። ክሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ በጥፍር መንቀል፣ ከዚያ እንፋሎት መስጠት። እንፋሎት የመርፌ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ካውያው ካለፈበት በኋላ ፊደል እንደነበረ ሠሪው ራሱ አያውቅም።

ምላጩን ወደ ፊደሉ አስጠጋች። የተንጠለጠለው ክር እናቷ ያቆመችበት ነው። ከዚህ እየፈታች፣ እዚህ ጋ ስትደርስ ትታዋለች። ካውያ እንደልማዷ የሆነ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። የሚመጣ ነገር የለም፤ እጇ ግን አልሄድም አለ። ያየችው እጇን ነው፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ።

ምላጩን ወደ መሳቢያው መለሰችው። ከጣውላው ጫፍ፣ ከዠ ምስማር፣ ብርቱካናማውን ክር አወረደች። ምስማሩ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ክሩን መርፌ ውስጥ አስገብታ የተፈታውን እግር መስፋት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ስፒል።

«ደንበኛ ነሽ ብያለሁ። ሬዲዮ ነገም ኮሌታሽን ሳያይ አይውልም።»

«እውነቱን አትነግሪውም?»

«ለሬዲዮ የሚነገረውን ነግሬዋለሁ።»

ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ፊደሉ አሁን ግማሹ ጠማማ፣ ግማሹ ቀጥ ያለ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ያው አንድ ፊደል ነው።

ጃኬቱን ይዛ ወደ ማሽኑ ሄደች። በሩ ክፍት ነው፤ የጨ ጋውኖች ግማሾቹ ገብተዋል፣ ሌሎቹ ቅርጫት ውስጥ ናቸው። ነጭና አረንጓዴ አብሮ አይታጠብም። ካውያ ጋውኖቹን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ቅርጫቱ መለሰቻቸው።

እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። ስፒልን አየቻት፣ የሹራቧን ስስነት አየች፣ ከዚያ ልጇ እጅ ላይ ያለውን ጃኬት።

«ጨ ነገ በጠዋት ነው የምትመጣው» አለች። «የሷ ይቀድማል።»

«ትጠብቅ» አለች ካውያ።

«ትጨቀጭቀናለች።»

«ትጨቅጭቀን።»

እናቷ የጋውኖቹን ቅርጫት በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችው፣ ከመደርደሪያው የሳሙናውን ካርቶን አውርዳ ለልጇ ሰጠቻት፣ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ካውያ ጃኬቱን ብቻውን አስገባችና በሩን ዘጋች። ማሽኑ ውሃ መሳብ ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች ስፒል ከባንኮኒው ማዶ፣ ክንዶቿን አጣጥፋ።

«ማድረቂያው አጠገብ ሁኚ፣ እዚያ ይሞቃል» አለች ካውያ፤ ወንበሩንም ሳበችላት።